ነፍሳት አጥማጅ ተክል ሲገማ፦ ሽታውን ከምንጩ የማጥፊያ ዝርዝር መመሪያ

ባለገንቦ ነፍሳት በል ተክል (ገንቦ በመሰለ ቅጠሉ ነፍሳት የሚያጠምድ) ቤቱ ያስገባ ሰው ይዋል ይደር እንጂ «ምንድነው እንዲህ የሚገማው?» ማለቱ አይቀርም። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ገንቦውን ገልብጦ በሳሙና ያጥበዋል። ሌላው አፈሩ ላይ በረኪና ጠብ ያደርጋል። ዕጣን አጭሶ ለመሸፈን የሚሞክርም አለ። ሽታው በሳምንቱ ይመለሳል። በረኪና የጠጣው ተክል ግን ላይመለስ ይችላል።

ሽታው የሚመጣው ከአምስት ቦታ ከአንዱ ነው፦ ከገንቦው፣ ከአበባው፣ ከሥር ካለው የውሃ ሳህን፣ ከአፈሩ፣ ወይም ከበሰበሰ ሥርና ግንድ። የሁሉም መፍትሔ ለየቅል ነው። ለአንዱ የሚሆነው ሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ ምንጩን ሳታገኙ መቀስም ውሃም አታንሱ።

መጀመሪያ ተክላችሁን ለዩ

ገበያ ላይ የሚበዙት ሁለት ዓይነት ናቸው።

ሳራሴንያ፦ ገንቦዎቹ ረጃጅም ቱቦዎች ሆነው ከአፈሩ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚገኙት በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ረግረጋማ ቦታዎች ነው። ብርድ ይችላል። ይችላል ብቻም ሳይሆን በብርዱ ወቅት ያስፈልገዋል።

ኔፔንቴስ፦ ገንቦዎቹ ከቅጠሉ ጫፍ በቀጭን ክር ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። አገሩ ቦርኒዮ፣ ሱማትራ፣ ፊሊፒንስና አካባቢያቸው ነው።

ይህን መለየት ግድ ነው። ሳራሴንያ ሥሩ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይስማማዋል። ኔፔንቴስን እንዲያ ካደረጋችሁት ሥሩ ይበሰብሳል፤ የምትሸሹት ሽታም ያኔ ነው የሚመጣው።

ደረጃ 1፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

1. ዲስትልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ፣ ማዕድን የሌለበት) ወይም ንጹሕ የዝናብ ውሃ፣ ቢያንስ 4 ሊትር።
2. ሹል መቀስ። ምላጩን በአልኮል ጥረጉት።
3. ረጅም ወረንጦ።
4. መርፌው የወለቀ ትልቅ ሲሪንጅ።
5. ረዘም ያለ የእንጨት ስንጥር። ሥጋ ተሰክቶ የሚጠበስበት ዓይነት ይሆናል።
6. የላስቲክ ጓንት፣ ጥጥ፣ የሚታሰር የፕላስቲክ ከረጢት።

ውሃው ላይ አትደራደሩ። እነዚህ ተክሎች ማዕድን በሌለው እርጥብ መሬት የኖሩ ናቸው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን አፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ሥራቸውን ያቃጥላል። የተቃጠለ ሥር ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ይገማል። አፍልቶ ማቀዝቀዝም መፍትሔ አይደለም፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ውሃውን ለዚህ ተክል የሚሆን አያደርገውም። ቲዲኤስ (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን መጠን) የሚለካ መሣሪያ ካላችሁ ከ50 በታች ማሳየት አለበት።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ግሮሰሪ ውስጥ በጋሎን ከሚሸጠው «ዲስትልድ» የሚለውን ብቻ ያዙ። «ስፕሪንግ» የሚለው ለእናንተ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ ክረምቱ ራሱ ያጠጣላችኋል፤ ሳፋ ውጭ አውጡና ዝናቡን በቀጥታ ተቀበሉት። የዛገ ቆርቆሮ አጥቦ የወረደውን ግን ተዉት። ለመኪና ባትሪ የሚሸጥ ውሃ ልትጠቀሙ ካሰባችሁም አሲድ የሌለበት መሆኑን ሳታረጋግጡ ጠብታ አታፍስሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳራሴንያ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ከነበረ ገንቦው ውስጥ በሕይወት ያለ ተርብ ሊኖር ይችላል። ሥራውን በጠዋት፣ ገና ብርድ ሳለ ጀምሩ። ገንቦውን በእርሳስ መታ መታ አድርጉት። ጥዝዝታ ከሰማችሁ ያንን ገንቦ ለሌላ ቀን ተዉት። ጣት ማስገባት የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ አሽትታችሁ ምንጩን ያዙ

ቡና ተቆልቶ፣ ዕጣን ጨሶ ወይም ሽንኩርት እየተቁላላ ባለበት ቤት ይህን አትሞክሩ። ተክሉን ሽታ ወደሌለበት ክፍል ውሰዱትና ጥቂት ጠብቁ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. አበባ ካለው መጀመሪያ አበባውን አሽትቱ።
2. ገንቦዎቹን አንድ በአንድ፣ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ርቃችሁ አሽትቱ። አፍንጫችሁን ወደ ውስጥ አትክተቱ፤ ትጸጸታላችሁ።
3. ፖቱን አንሡና ሳህኑን ለብቻው አሽትቱ።
4. ስንጥሩን በፖቱ ጠርዝ በኩል እስከ ታች ስደዱት። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አውጡትና ጫፉን አሽትቱ።
5. ተክሉ ከአፈር የሚወጣበትን ቦታ በጣት ጫን ጫን አድርጉ። ጠንካራ መሆን አለበት።

ያገኛችሁት ሽታ የሚነግራችሁ ይህ ነው፦

የሞተ ዝንብ ወይም የበሰበሰ ሥጋ፣ ወደ ገንቦው አፍ ስትጠጉ የሚብስ ከሆነ ወደ ደረጃ 3።
የድመት ሽንት ወይም የሻገተ ነገር፣ ከአበባው ከሆነ ወደ ደረጃ 4።
የረጋ ኩሬ፣ ከሳህኑ ከሆነ ወደ ደረጃ 5።
የተበላሸ እንቁላል፣ ከስንጥሩ ጫፍ ከሆነ ወደ ደረጃ 6።
ስትጫኑት የሚለሰልስ ግንድ ካገኛችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ወደ ደረጃ 7።

ስንጥሩ እርጥብ የጫካ አፈር ከሸተተ አፈሩ ጤነኛ ነው፣ አትንኩት። ከገንቦው አፍ ቀለል ያለ የጣፋጭ ሽታ ከመጣም ነፍሳት የሚጠራበት የአበባ ማር ነው። ችግር የለውም።

ደረጃ 3፦ የሚገማ ገንቦ

አብዛኛው አቤቱታ እዚህ ላይ ነው። ገንቦው ታች ያለው ፈሳሽ ነፍሳቱን ይፈጫል። ፈሳሹ ውስጥ የገባው ብዙም ሳይሸት ያልቃል። የሚገማው ከፈሳሹ በላይ የተከመረው ነው። ሳራሴንያ በሞቃቱ ወቅት ማብቂያና በመኸር ላይ ዝንብና ተርብ ሲበዛ ልክ አያውቅም፤ ቱቦው እስኪሞላ ያጠምዳል። ከላይ ያለው ሬሳ ፈሳሹ ሳይደርሰው በባክቴሪያ ይበሰብሳል፣ የቱቦውንም ግድግዳ ያቃጥላል። ስለዚህ መጠነኛ ሽታ የበሽታ ምልክት አይደለም። ተክሉ በደንብ መብላቱን ነው የሚያሳየው።

ሳራሴንያ ከሆነ

1. ገንቦውን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ከጀርባው እዩት። ብርሃኑ ሲያልፍበት የተከመረው ነፍሳት ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ከሲሶ በታች ከሆነ ይህ ገንቦ ሌባው አይደለም፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።
2. ከግማሽ በላይ ሞልቶ ግድግዳው ግን አረንጓዴ ከሆነ አትቁረጡት። በሲሪንጅ ጥቂት ዲስትልድ ውሃ ጨምሩበት፣ ከላይ ያሉት እስኪርሱ ብቻ። ብዙ ካፈሰሳችሁ ረጅሙ ቱቦ ይከብደውና ይወድቃል።
3. ሳሳ ያለ ጥጥ የገንቦው ጉሮሮ ላይ አድርጉ። እንዳይጨምር መከልከያው ይህ ነው። አትጠቅጥቁት፤ ዝንብ እንዳያስገባ ብቻ ይበቃል። ዝናብ ሲያረጥበው ቀይሩት።
4. ግድግዳው ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ቃጠሎ ካለ፣ ከረጢቱን መጀመሪያ ከላይ አልብሱት። በአንድ እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከቃጠሎው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። የቀረው አረንጓዴ ክፍል ምግብ መሥራቱን ስለሚቀጥል ተዉት።
5. ቃጠሎው እስከ ታች ከወረደ ከአፈሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ቁረጡ።
6. ከረጢቱን እሰሩና ያንኑ ዕለት ውጭ ጣሉ። ወጥ ቤት ቅርጫት ውስጥ ካደረ ሽታውን ከክፍል ወደ ክፍል አዛወራችሁት እንጂ አላጠፋችሁትም።

በአንድ ቀን ከአረንጓዴ ገንቦዎቹ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ስድስቱም ቢገሙ ክፉዎቹን ሁለቱን ቁረጡ፣ ለቀሩት ጥጥ አድርጉና ተክሉን ደጅ አውጡት።

ስትቆርጡ ጥቁሩ ፈሳሽ አፈሩ ላይ ቢደፋ፦ አትደንግጡ። ሳህኑን ባዶ አድርጉ፣ ከላይ ግማሽ ሊትር ያህል ዲስትልድ ውሃ አሳልፉበት፣ የወረደውን ድፉት።

ኔፔንቴስ ከሆነ

1. ፈሳሹን እዩ። ጥርት ያለ ወይም ትንሽ የደፈረሰ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ አረፋ ይዞ የሚከረፋ ከሆነ ይውጣ።
2. በሲሪንጁ ወደ አንድ ማሰሮ መጥጣችሁ አውጡ። ገንቦውን ገልብጣችሁ ለመድፋት አትሞክሩ፤ የተንጠለጠለበት ክር ይሰበራል።
3. ታች የቀረውን ሬሳ በወረንጦ ልቀሙ።
4. ዲስትልድ ውሃ ጨምራችሁ መልሳችሁ ምጠጡ። ሽታው እስኪቀንስ አንድ ሁለቴ ድገሙት።
5. በመጨረሻ እስከ ሩቡ ድረስ ዲስትልድ ውሃ ሙሉበት። ለአንድ ወር ምንም አታብሉት።

ገንቦው ለስልሶ ቡናማ ከሆነ ከክሩ ላይ ቁረጡት። ቅጠሉን ግን አትንኩ፤ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተክሉን የሚመግበው እሱ ነው። ገና ክዳኑ ያልተከፈተ ገንቦም በጥፍር አይከፈትም።

ሥጋ የሰጣችሁት እንደሆነ

ብዙ ሰው «ሥጋ በል» የሚለውን ስም አምኖ የተፈጨ ሥጋ፣ አይብ ወይም እንቁላል ይጨምራል። እግዚኦ የሚያሰኘው ሽታ ከዚህ ነው የሚመጣው። ቁርጥ ለእናንተ ነው፣ ለተክሉ አይሆንም። ስቡና ብዛቱ ከሚችለው በላይ ነው፣ ገንቦው ራሱ አብሮ ይበሰብሳል።

ዛሬ ጨምራችሁ ከሆነ አሁኑኑ በወረንጦ አውጡት። ቀናት ካለፉት ኔፔንቴስን ከላይ እንዳልነው እጠቡት፣ የሳራሴንያን ገንቦ ቁረጡት።

ቤት ውስጥ ነፍሳት ከሌለና ማብላት ካሰኛችሁ፣ ከገንቦው አፍ ሲሶ የማይበልጥ አንድ የሞተ ነፍሳት ለአንድ ገንቦ በወር አንዴ ይበቃል። በፍሊት የተገደለ ዝንብ አትስጡ። እውነቱን ለመናገር በቂ ፀሐይ ካገኘ ሳይበላ ወራት ይከርማል።

ደረጃ 4፦ የሚሸት አበባ

ይህኛው አጭር ነው። ሳራሴንያ ፍላቫ የሚባለው ቢጫ አበባ ያለው ዝርያ ፀደይ ላይ ሲያብብ አበባው ቁርጥ የድመት ሽንት ይሸታል። ድመት የሌለው ሰው ጎረቤቱን የሚጠረጥረው ያኔ ነው። የኔፔንቴስ አበባም ሲፈነዳ ደስ የማይል የሻገተ ጠረን አለው። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።

ምርጫችሁ ሁለት ነው። ወይ ሁለት ሳምንት ያህል ደጅ አውጥታችሁ ጠብቁ፤ የአበባው ቅጠሎች ሲረግፉ ሽታውም ይሄዳል። ወይ የአበባውን አገዳ ከሥሩ ቁረጡ። ተክሉን አይጎዳውም፣ ጉልበቱን ወደ ገንቦዎቹ ይመልሳል። እኔ ብሆን አፓርታማ ውስጥ እቆርጠዋለሁ። ዘር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ታገሡ።

ደረጃ 5፦ የሚሸት ሳህን

1. ሳህኑን ድፉ። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ቀጫጭን ትል ካያችሁ የወባ ትንኝ እጭ ሊሆን ስለሚችል ደረቅ መሬት ወይም አስፋልት ላይ ድፉት።
2. በሙቅ ውሃና በብሩሽ ፈትጉ። ሳሙና ከተጠቀማችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ።
3. ለሳራሴንያ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዲስትልድ ውሃ ሙሉ። ሲደርቅ ወዲያው አትሙሉ፤ ሞቃት ወቅት ካልሆነ አንድ ቀን ያህል አስተንፍሱት።
4. ለኔፔንቴስ ሳህኑ ባዶ ይሁን። ከላይ አጠጡ፣ የወረደውን ድፉ።
5. በየሳምንቱ ድገሙት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የእኛ ቤት ጉዳይ ስለሆነ። የቡና አተላ አበባ ላይ መድፋት ልማድ ነው፤ ለጽጌረዳው ይሁን ይባላል። እዚህ ግን አይሆንም። አተላው አፈሩ ላይ ይሻግታል፣ ሥሩን ይጎዳል፣ ሳህኑንም ያገማዋል። የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሩዝ እጣቢ፣ ፍግ፣ ማዳበሪያም እንደዚያው። ቤት ውስጥ እናት ወይም እንግዳ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ስኒ ሲለቀለቅ እጃቸው ወደ ፖቱ መሄዱ አይቀርም። ተደፍቶ ካገኛችሁት የላይኛውን አፈር በማንኪያ ጥረጉና ሁለት ሊትር ዲስትልድ ውሃ አሳልፉበት።

ደረጃ 6፦ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት አፈር

አፈሩ ውስጥ አየር አልቋል ማለት ነው። አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለውን ጋዝ ይሠራሉ። ሽታው የእሱ ነው። ፒት ሞስ (እነዚህ ተክሎች የሚተከሉበት፣ ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ሞስ) ሲያረጅ ይልማል፣ ይጠቀጠቃል፣ አየር አያስገባም።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። ሳህኑን አንሡ፣ አንድ ሊትር ዲስትልድ ውሃ ከላይ አሳልፉ፣ ፖቱ በደንብ ይንጠፍጠፍ። ለሳምንት ያህል እርጥብ እንጂ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ አይሁን። ከሳምንት በኋላ የስንጥሩን ፈተና ድገሙ። ሽታው ከቀነሰ ቀጥሉበት። ካልቀነሰ አፈሩን ቀይሩ።

አፈር አቀያየር

1. ለሳራሴንያ አንድ እጅ ፒት ሞስና አንድ እጅ ፐርላይት (አፈር የሚያናፍስ ነጭ ቀላል ጠጠር) ቀላቅሉ። ለኔፔንቴስ ረጅም ክር ያለው ስፋግነም ሞስ (ያልበሰበሰ የደረቀ የረግረግ ሞስ) እና ፐርላይት ይሻላል። የፒት ሞሱን ከረጢት አንብቡ፤ ማዳበሪያ የተጨመረበት ከሆነ አትግዙ። ተራ የአበባ አፈር ይገድለዋል።
2. ድብልቁን አስቀድማችሁ በዲስትልድ ውሃ አርሱት። ደረቅ ፒት ሞስ ውሃ አልቀበልም ይላል፣ በእጅ እያሻችሁ አጠጡት። እፍኝ ይዛችሁ ስትጨምቁ ጥቂት ጠብታ ከወረደ ደርሷል።
3. ታቹ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ፖት አዘጋጁ። ሸክላና ሲሚንቶ ማዕድን ስለሚለቁ ወይም ስለሚያጠራቅሙ ተዉአቸው።
4. ተክሉን ከነአፈሩ አውጡ። ገንቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ፖቱን ከጎን ከጎኑ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉና አንሸራቱት።
5. የሚገማውን አፈር በዲስትልድ ውሃ ቀስ ብላችሁ ከሥሩ እጠቡ።
6. ሥሩን እዩ። የሳራሴንያ ጤነኛ ሥር ጠንካራና ነጣ ያለ ነው። የኔፔንቴስ ሥር ግን በተፈጥሮው ጥቁር፣ ቀጭንና ተሰባሪ ነው። ጥቁር አየሁ ብላችሁ አትቁረጡ። የበሰበሰ የሚባለው በጣት ሲይዙት የሚልመውና ልጡ የሚንሸራተተው ነው።
7. የበሰበሰውን ብቻ ቆርጣችሁ ተክሉን በአዲሱ አፈር ትከሉ። አትጠቅጥቁ። ከላይ አጠጡ።
8. ሁለት ሳምንት ያህል ከቀትር ፀሐይ ሸሸግ አድርጉት።

ሳራሴንያን ለመቀየር ደኅናው ጊዜ የብርዱ ወቅት ማብቂያ፣ ገና ማቆጥቆጥ ሳይጀምር ነው። አፈሩ እየገማ ከሆነ ግን ወቅት አትጠብቁ። በጤናው ጊዜ በየሁለት ሦስት ዓመቱ መቀየር ይበቃል።

ከቀየራችሁ በኋላ ገንቦዎቹ ቢጠወልጉ፦ ይጠበቃል። ማዳበሪያ አትስጡ፣ ውሃም አትጨምሩበት። አዲስ እንቡጥ ካወጣ ተርፏል።

ደረጃ 7፦ የለሰለሰ ግንድ

ሳራሴንያ ከአፈር ሥር ዝንጅብል የመሰለ ወፍራም ግንድ አለው። ሪዞም ይባላል። ከለሰለሰ ቀን አትቁጠሩ።

1. ተክሉን አውጡና አፈሩን እጠቡ።
2. መቀሱን ወይም ስለቱን በአልኮል ጥረጉ፣ ከለሰለሰው ጫፍ ጀምራችሁ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡ።
3. ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ ውስጡን እዩ። ቡናማ ከሆነ ቀጥሉ። ነጭ ወይም ክሬም ሲሆን አቁሙ። በየመሀሉ ስለቱን መጥረግ አትርሱ፤ አለዚያ ብስባሹን ወደ ጤነኛው ትወስዱታላችሁ።
4. የተቆረጠውን ፊት ጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ አናፍሱት።
5. ቡቃያው ከአፈሩ በላይ እንዲሆን አድርጋችሁ በአዲስ አፈር ትከሉ። ለጊዜው ሳህን ውስጥ ውሃ አታቁሙ።

ሳራሴንያችሁ ዓመቱን ሙሉ ሙቅ ሳሎን ውስጥ የሚኖር ከሆነ ይህ ብስባሽ መመላለሱ አይቀርም። በብርዱ ወቅት ከ3 እስከ 4 ወር ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ማረፍ አለበት። በሌላው ጊዜ በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ዋሽንግተንና አካባቢው ላላችሁ በረንዳችሁ ሁለቱንም ይሰጠዋል። ገልፍ አገሮች ላላችሁ ግን ሳራሴንያን አልመክርም፤ የሚያርፍበት ብርድ የለም።

ሁሉም ተሠርቶ ሽታው ካልሄደ

ከቆረጣችሁት ገንቦ የመጣ ሽታ በዕለቱ፣ የሳህኑ በማግሥቱ፣ የአፈሩ በሳምንት ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ተክሉን ለሁለት ቀን ደጅ አውጡትና ክፍሉን አሽትቱ። ክፍሉ አሁንም ከሸተተ ተክሉ ነጻ ነው፤ ከሶፋው ሥር የሞተ አይጥ ፈልጉ። ድመት ካላችሁም ፖቱን እዩ፤ የተጫረ እርጥብ ፒት ሞስ ለድመት መጸዳጃ ነው። ያን ጊዜ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፣ ፖቱንም ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉ።

ደጅ ያለው ተክል ራሱ ከሸተተ ደግሞ ከደረጃ 2 እንደገና ጀምሩ። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ከሌሎቹ መሀል ተጋድሞ እርጥብ አፈር ላይ የሞተ ያለፈው ዓመት ገንቦ ነው። ግራጫ ሻጋታ ይዞ ይገኛል። ከሥሩ ቆርጣችሁ አውጡት።

ሪዞሙ እስከ መጨረሻው ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት ተክሉ ሞቷል። ከነአፈሩ በከረጢት አስራችሁ ጣሉ፣ አፈሩን ለሌላ ተክል አታስቀሩ። ፖቱን በበረኪና እጠቡ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት።